ምራቁን የዋጠ ሰው ፍለጋ

እናቴም እንደ እኔ መዋጥ እንደማትችል የደረስኩበት ከዱቄት ጆንያ ኋላ ተደብቄ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰው በእናቱ ችግር ይደሰታል እንዴ እንዳትሉኝ፤ እኔ ተደስቻለሁ። በዓለም ላይ ኪኒን መዋጥ ያቃታት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስከርም፣ ድንገት ጓደኛ አገኘሁ። ያውም እናቴን!

እናቴ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ታስጌጥ ነበር። ክሬሙን በከረጢት ጨመቅ፣ ዞር፣ ጨመቅ አድርጋ ዓይኔ እያየ ጽጌረዳ ታበቅላለች። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ከፊት ባንኮኒው ላይ ቆማ ትሸጣለች። ከኋላ ምድጃው ጋ ደግሞ ጋሽ እርሾ አሉ። እርሾ አክስቴ ያወጣችላቸው ስም ነው። "ሳይቦካ አይጋገርም" የማይሉበት ነገር የለም፤ የጫማ ማሰሪያ ጠብቆ አልፈታ ሲላቸው እንኳን ይህንኑ ይላሉ። እኔን "ቅንጣት" ይሉኛል፣ ከዕድሜዬ ያነስኩ ደቃቃ ስለነበርኩ። አባቴ ከባድ መኪና እየነዳ ወር ሙሉ የሚጠፋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እዚያው ኬክ ቤት፣ በእነዚህ ሦስት ሰዎች እግር ሥር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። "ጋሼ፣ ስኳሩ አረረ" ልል አፌን ስከፍት ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ትዝ የሚለኝ ጣሪያው ነው። የአክስቴ ፊት፣ የጋሽ እርሾ ዱቄት የነካው ጢም፣ የማላውቃቸው ሁለት ደንበኞች፣ ሁሉም ወደ ታች ያዩኛል። ምላሴን አሞኛል፤ ቀሚሴም ርሷል። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ለደንበኞቹ "ወለሉ ነው፤ ስኳር ፈሶበት አዳልጧት ነው" ትላለች። በሳምንቱ ደግሜ ወደቅሁ። አሁንም ጥፋተኛው ወለሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ያንን ወለል በቀን ሦስት ጊዜ ትወለውለው ጀመር፤ እኔም ሳልፍበት በጥርጣሬ ዓይን አየው ነበር።

ጋሽ እርሾ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገሩኝ፣ የዚያን ቀን ምድጃው ላይ አንዲት ማንኪያ ስኳር አላረረችም። ወለሉም ንጹሕ ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ጭንቅላቴ ላይ ያንን ሁሉ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝና ከዚያ ወደ ውጭ አስወጡኝ። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። ሐኪሙ "የሚጥል" ሲል ሰማሁ። ልክ ነው፣ አልኩ በልቤ። ወለሉ የሚጥል ወለል ነው፤ እኛም ስንል የከረምነው ይህንኑ ነው። እናቴ ስትወጣ እጇ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ነበረች፤ ፊቷ ግን ልክ እንደ ወረቀቷ ነጥቶ ነበር። ከትምህርት ቤትም በዚያው ቀረሁ። "ሆዷን አሟታል" ተባለልኝ፤ ሆዴ ምን እንዳደረጋቸው እንጃ።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሽሮፕ ነበር። ወር ሙሉ እንጆሪ እንጆሪ የሚል ነገር በማንኪያ እየላስኩ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ከዚያ ሽሮፑ ከመድኃኒት ቤቱ ጠፋ፣ በቦታውም ኪኒን መጣ። ነጭ፣ ሞላላ፣ የባቄላ ክክ የሚያህል። ማሸጊያው ላይ "ሳይፈጭ፣ ሳይሰበር፣ ሙሉውን ይዋጥ" ይላል።

ሙሉውን! በአፌ አስገብቼ ውኃ እጠጣለሁ፤ ውኃው ይሄዳል፣ ኪኒኑ ይቀራል። ሁለተኛ ብርጭቆ ይሄዳል፣ ኪኒኑ ይቀራል። ሆዴ ውኃ ሞልቶ እየተንቦጫረቀ ኪኒኑ ምላሴ ላይ እየሟሟ አፌን እሬት ያደርገዋል። አክስቴ አፍንጫዬን ያዘችልኝ። እናቴ ክሬም ውስጥ ደበቀችው፤ እኔ ክሬሙን ልሼ ኪኒኑን አጽድቼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩላት። አንድ ቀን ደግሞ በትንሽ ዳቦ ውስጥ ከታው ዘወር ስትል፣ አክስቴ ሳታውቅ ዳቦውን ለአንድ ደንበኛ ልትሸጠው ከትሪው ላይ በመቆንጠጫ አንስታው ነበር። እናቴ ባንኮኒውን ዘልላ ለመድረስ ምንም አልቀራትም።

በመጨረሻ ዘዴ አገኘሁ። ኪኒኑን ጉንጬ ውስጥ ወሸቅ፣ ውኃውን ጠጣ፣ "ዋጥኩ"። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ከሥር በኩል እለጥፈዋለሁ። ሦስት ቀን ሰው ሁሉ ጎበዝ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ያ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ፤ ከዚያም ጣሪያው። እናቴ የወደቀ ነገር ልታነሣ ጎንበስ ስትል ሦስቱን ኪኒኖች ተደርድረው አየቻቸው። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወለሉ ላይ፣ በዚያ ጠላታችን በሆነው ወለል ላይ ተቀመጠችና አገጬን ይዛ፣ «ሁለተኛ ሳትውጪ ዋጥኩ እንዳትዪኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ማክሰኞ ሐኪሙ ከየት እንዳገኘው እንጃ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሽሮፕ ሰጠን። ለአስር ቀን ይበቃል፤ ሌላ የለም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ትልቅ ሰው አነጋገረኝ። ጠርሙሱ ሳያልቅ ኪኒኑን መዋጥ ከተማርኩ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ። ካልተማርኩ መውደቁ ይቀጥላል፤ ሆስፒታል እተኛለሁ። ጣቴን ቆጠርኩ። ሽሮፑ የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። የእኔ የደወል ሳምንት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ!

ስለ ደወሉ ካልነገርኳችሁ ምንም አልነገርኳችሁም። የትምህርት ቤታችን ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ዘንግ ይመታል። የእኛ ክፍል ልጆች በየተራ አንድ አንድ ሳምንት ይደውላሉ። ስምንት መቶ ተማሪ የሚሮጠውም፣ የሚቆመውም አንቺ ስትመቺው ነው ማለት ነው። ከእኔ ቀጥሎ ተረኛው አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ነበር። ጎረቤታችን ስለሆነ በአጥር ሲያልፍ ያየኝና "ካልመጣሽ ያንቺም ሳምንት የእኔ ነው" ይለኛል፤ ማስመሪያውን ይዞ አጥሩን እየደበደበ ይለማመድብኝ ነበር።

በማግሥቱ ረቡዕ ነው እንግዲህ ከጆንያው ኋላ የተደበቅሁት። አኩርፌ ነበር። እናቴና አክስቴ አላዩኝም።

አክስቴ እስከ መቼ ነው ብላ ጀመረች። በሁለቱ ጆንያዎች መካከል ባለችው ክፍተት የእናቴ እጅ ወደ ጉሮሮዋ ሲሄድ አየሁ።

«አልዋጥልሽ አለኝ» አለች። «ሐኪሙ ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ እዚህ ጋ ቆሟል። አልወርድ ብሎኛል።»

ጆሮዬ ቆመ። እዚህ ጋ! እኔ ላይም የሚቆመው ልክ እዚያው ጋ ነው።

«አንቺ ያልዋጥሽውን ልጅቷ እንዴት ትዋጠው?» አለች አክስቴ። «ካቃተሽ ምራቁን የዋጠ ሰው አማክሪ። ብቻሽን አትብሰልሰዪ።»

ከጆንያው ኋላ የወጣሁት ሌላ ልጅ ሆኜ ነው። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ! ሐኪሙ ለእናቴም ኪኒን ሰጥቷታል። እሷም አቅቷታል። እሷ ሳትውጥ ደግሞ የእኔ አይወርድም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። መፍትሔው ምራቁን የዋጠ ሰው ማግኘት ነው። እናቴ ግን ይህን ያህል ስትሠቃይ የማታማክረው ስለምታፍር መሆን አለበት። ስለዚህ እኔ እፈልገዋለሁ፣ እኔ እማራለሁ፣ ከዚያ እናቴን አስተምራታለሁ። ከደስታዬ ብዛት ያንን ወለል ሮጬ አቋረጥኩት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የደንበኛ ጉሮሮ ሳይ ዋልኩ። አንድ ረጅም ሰውዬ ኬኩን ሲውጥ ማንቁርቱ ወጣ ገባ ሲል አፌን ከፍቼ ስላየሁት ኬክ የጎመጀሁ መስሎት ቆርሶ ሊሰጠኝ ነበር። ግን የሱ ኬክ ነው እንጂ ምራቅ አይደለም። በመጨረሻ አክስቴን ምራቁን የዋጠ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። የመጋገሪያ ወረቀት እየቆረጠች ስለነበር ቀና ሳትል፣ እዚህ ቤት ከሆነ ጋሽ እርሾ ብቻ ናቸው አለችኝ።

ጋሽ እርሾ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ምድጃው ውስጥ ከትተው ዳቦ ያወጡ ነበር። ሲጨርሱ ጠብቄ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምራቅዎን የዋጡት መቼ ነው?»

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ማነው የዋጡ ያለሽ?»

«አክስቴ።»

«ባለቤቴ እንዳትሰማሽ። እሷ ገና ነህ ነው የምትለኝ።»

ገና ከሆኑም ግድ የለም፣ ከእኔ ይሻላሉ አልኳቸው። መዋጥ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። ስለ እናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ የሰው ምሥጢር ነው። ጋሽ እርሾ አልሳቁም። ጢማቸውን በዱቄት እጃቸው እያሻሹ ጥቂት አሰቡና፣ ይህ ነገር ሳይቦካ አይጋገርም አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷን ይዘዋት መጡ።

ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ገብታ ማሰሮ የሚያህሉ የመስተዋት ዕቃዎች የተደረደሩበትን የእናቴን መደርደሪያ አየች። ኬክ ላይ የሚነሰነሱ የስኳር ፍሬዎች ናቸው። እናቴ በየመጠናቸው ስም አውጥታላቸዋለች። የመጀመሪያው "አሸዋ" ይባላል፤ ቀጥሎ "ሰሊጥ"፤ ቀጥሎ "ምስር"። ከሁሉ በላይ ለሙሽራ ኬክ ብቻ የሚወርደው "የብር ኳስ" አለ። ፋርማሲስቷ በዚህ ሁሉ መካከል ተቀምጣችሁ ነው የተቸገራችሁት ብላ ሳቀች።

ሰው ሁሉ ስውጥ ወደ ጣሪያ አንጋጪ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ዶሮ አይደለሽም አለችኝ። ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን በአንድ ጉንጭ ውኃ አረጠብኩ። ከዚያ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ምላሴ ላይ ወደ ኋላ ገባ አድርጌ፣ ውኃ ጎንጨት ብዬ፣ አገጬን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ግ-ጥ-ም! ውኃውን አንዴ ብቻ፣ በትልቁ። ጋሽ እርሾም እንዲጠነቀቁ ነገረቻቸው። ትልቅ ሰው አጠገቤ ሳይኖር አልሞክርም፤ አምስት ጊዜ ከሞከርኩ ይበቃል፤ ሳለቅስ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

አሸዋውን መዋጤን እንኳን አላወቅሁም። «ሄደ?» አልኩ። ጋሽ እርሾ መነጽራቸውን አድርገው ምላሴን ግራ ቀኝ አስገለበጡኝና የለም፣ ሄዷል አሉ። ሄዷል! ያን ቀን አሥራ ምናምን ጊዜ "አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ" ብዬ ለምኜ አምስት ይበቃል ተባልኩ። ዓርብ አሸዋ። ቅዳሜ ሰሊጥ። ሰኞ ጠዋት ምስር ላይ ደረስን፤ እዚያ ላይ ተያዝኩ። መጀመሪያዋ ጥርሴ ሥር ገባች። ሁለተኛዋ ስታስለኝ ውኃው በአፍንጫዬ ወጣ። ሦስተኛዋን ሳላስገባ ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ እርሾ ብርጭቆውን ወሰዱና ወደ ሰሊጥ መለሱኝ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ። ኬክ ቤት ውስጥ አድጌ፣ በቀን መቶ እንቁላል ሲሰበር እያየሁ፣ አንድም ተነሥቶ ሲሄድ አላየሁም አልኳቸው። ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ ሰሊጧን ዋጥኩ።

ማክሰኞ ምስሯ ወረደች። አምስቱም! አክስቴ ባንኮኒው ጋ ሆና አጨበጨበች፤ ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት አጨበጨቡ። እናቴ ከጽጌረዳዎቿ ቀና ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታየኛለች እንጂ አትለማመድም። በጣም አሳዘነችኝ። የሻይ ማስቀመጫዋ ላይ ሁለት ሦስት ሰሊጥ አስቀምጬላት ነበር፤ የፈሰሰ መስሏት ጠረገችው። ቤት ስንገባ፣ እማ፣ ስትውጪ አገጭሽን ዝቅ አድርጊ ስላት፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ እሺ ትለኛለች። የኪኒኗን መደበቂያ ለማወቅ ሽርጧን ፈተሽኩ። ኪሷ ውስጥ ያቺ ከሐኪሙ ይዛት የወጣችው ወረቀት በአራት ታጥፋ፣ ጠርዟ በክሬም ወዝቶ ተገኘች። ዳሰስኳት፤ ምንም አይጎረብጥም። የእሷ ኪኒን ስስ ነው ማለት ነው አልኩ። ጽሑፉን እንዳላነብ የሐኪም ጽሑፍ ነው። ወደ ኪሷ መለስኳት።

ረቡዕ የብር ኳሷ! ከኪኒኑ ትበልጣለች እኮ፤ ክብ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ጋሽ እርሾ በማንኪያ አቀረቡልኝ። ወረደች። ሐሙስ ደግማ ወረደች። የዚያኑ ዕለት ጠዋት እናቴ የሽሮፑን ጠርሙስ ዘቅዝቃ የመጨረሻዋን ጠብታ ማንኪያው ላይ አንጠፈጠፈች።

ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። እናቴ፣ አክስቴ፣ ጋሽ እርሾ፤ ፋርማሲስቷም መድኃኒት ቤቱን ለአፍታ ዘግታ መጥታ ነበር። ኪኒኑ ነጭ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ብርጭቆው ሞልቷል። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና አፌን ገጥሜ ያዝኩ።

«አልውጥም» አልኩ። «እማ ትቅደም።»

ፈራች፣ ተመልሳ ፈራች አሉ። አልፈራሁም! ከመቀመጫዬ ወርጄ የእናቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ እጄን ከተትኩና ወረቀቷን አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኳት።

«ያንቺ እዚህ ውስጥ ነው አይደል? ሐኪሙ ከሰጠሽ ቀን ጀምሮ አልዋጥልሽ ብሎሻል፤ ጉሮሮሽ ላይ ቆሟል። አንቺና አክስቴ ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። አንቺ ያልዋጥሽውን እኔ እንዴት እውጠዋለሁ?»

ከምድጃው ውስጥ የዳቦው ቅርፊት ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። አክስቴ «እኔ እኮ...» ብላ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ፋርማሲስቷ ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ ለራሷ አነበበችና መልሳ አጥፋ በእናቴ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። የእናቴ ፊት ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። ጋሽ እርሾ ጢማቸውን አሻሹ።

«በቃ» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸ ቦክቷል።»

እናቴ ያፈረችው መዋጥ ስለማትችል መስሎኝ አንጀቴን በላችው። ወንበሬን ለቅቄ አስቀመጥኳት። ትልቅ ሰው ስለሆነች ከአሸዋ አትጀምርም ብዬ አንዲት የብር ኳስ በማንኪያ አመጣሁላት፤ ብርጭቆውንም አስያዝኳት።

«አገጭሽን ዝቅ አድርጊ» አልኳት። «አይዞሽ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ።»

እናቴ ዓይኔን አየችኝ። ኳሷን አፏ ውስጥ አደረገች፣ ውኃውን ጎነጨች፣ አገጯን ዝቅ አደረገች። እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ አለ። «ገባች?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ! ሳህኑን ሳብኩት። ኪኒኑን ምላሴ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ውኃ፣ አገጭ ዝቅ፣ ግጥም! ቆመ ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመም። አፌን ለጋሽ እርሾ ከፈትኩ፣ ለአክስቴ ከፈትኩ፣ ለፋርማሲስቷ ከፈትኩ፣ ጉንጬን በጣቴ ወደ ሁለት በኩል ለጥጬ ለሁሉም አሳየሁ። የለም! ወርዷል! ጋሽ እርሾ ብድግ አድርገው ወደ ጣሪያው አነሡኝና ጢማቸው ላይ የነበረው ዱቄት ሁሉ በላዬ ዘነበ። ጣሪያውን በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከወለል ላይ ሆኜ ሳይሆን።

እናቴ ሽርጧን ፈታች። አቀፈችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ወረቀቷን ያዘች፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ በሩን ከፍታ ወጣች። ከደስታ ብዛት አፏ ተያይዞ ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። እንዴት እንደደወልኩ! ዘንጉ ከክንዴ ይረዝማል፤ በሁለት እጄ ይዤ ስመታው ድምፁ በጥርሴ ውስጥ አለፈ፤ ስምንት መቶ ተማሪ ሮጠ። ዳይሬክተሯ ራሳቸው ከቢሮ ወጥተው አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አስተማሪያችንም ወንበር አምጥታ ከኋላዬ አስቀመጠችልኝ። ለክብሬ ነው ብዬ አገጬን ቀና አደረግኩ። ጎረቤቴ ከሰልፉ መሐል ማስመሪያውን ኪሱ ከትቶ ያየኝ ነበር። በቃሽ እስክባል አልቆምኩም።

አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ያ ወንበር ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ዳይሬክተሯና አስተማሪያችን ብወድቅ በጎኔ እንዲያስተኙኝ፣ አፌ ውስጥ ምንም ነገር እንዳያስገቡ፣ እስኪያልፍልኝ አጠገቤ እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። ለትምህርት ቤቱ የተላከ ደብዳቤ ነበር፤ እናቴ የበሽታዬን ስም ለሰው መንገር አቅቷት ከሁለት ወር ያላነሰ በኪሷ ይዛው ዞራለች። "ምራቁን የዋጠ" የሚለውን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አስተማሪ ሲያስረዳ ሰምቼ ዴስክ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝም። ኪኒኔን ዛሬም ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ። ከወደቅሁ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

ባለፈው ወር እናቴ እኔ ጋ መጥታ ነበር። እሷም አሁን የደም ግፊት ኪኒን አላት። ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየዋጥን፣ እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኋት።

«እማ፣ የዚያን ዓርብ ኳሷን ዋጥሻት አይደል?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እንደ ተያዘ ልጅ ሳቀች።

«ጉንጬ ውስጥ ነበረች።»

አላመንኳትም። ሳትውጪ ዋጥኩ እንዳትዪኝ ያለችኝ ሴት!

«ዋጥኩ አላልኩሽም፤ ራሴን ነው የነቀነቅሁት» አለች። «ትምህርት ቤቱ ድረስ በጉንጬ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለቴ ልመለስ ብዬ ቆሜያለሁ። ዳይሬክተሯ ወንበር ሰጡኝና ልጅቷ ምን ሆና ነው የጠፋችው አሉኝ። ሆዷን አሟት ልል ነበር። አፌን ልከፍት ስል ኳሷ አለች። በአፌ ስኳር ይዤ ለዳይሬክተር ላወራ ነው?»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? አገጬን ዝቅ አደረግኩና ዋጥኳት» አለች እናቴ። «ከዚያ ነገርኳቸው።»